ከፎርማት በፊት ባዮሱን ክፈቱት

ጎንደር ውስጥ ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ ከተባለ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት። ፒያሳ ብትወስዱት፣ አዘዞ ብትወስዱት መልሱ አይለወጥም። "ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ" ትባላላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሠርጉ ፎቶ፣ የክርስትናው ቪዲዮ በፍላሽ ይወጣል፤ የሚረሳውም ይረሳል። ዊንዶው እንደ አዲስ ይጫናል። ኮምፒውተሩ ሳምንት ያህል ሽው ይላል። ከዚያ ተመልሶ እዚያው።

እኔ ጠጋኝ አይደለሁም። ግን ሰፈር ውስጥ "እሱ ኮምፒውተር ያውቃል" የሚል ስም ወጥቶልኛል። ይህ ስም አንዴ ከወጣ ወዲያ አይለቅም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ስለ ፕሪንተር ተጠይቄ አውቃለሁ።

ባለፈው በጋ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ሴት ደወለችልኝ። የሱቋ ዴስክቶፕ ተከፍቶ ሥራ እስኪጀምር ከአራት ደቂቃ በላይ ይፈጅባታል። ፋይል ኮፒ ስታደርግ ማውሱ ሳይቀር ይደርቃል። ተማሪው ደግሞ ፍላሹን ይዞ ቆሟል፤ "ቶሎ በይልኝ፣ ክፍል ረፈደብኝ" ይላል።

"ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርጌዋለሁ" አለችኝ። "አርጅቷል መሰለኝ። ልሽጠው?"

ሄጄ ሳየው ያን ያህል የሚናቅ ዕቃ አልነበረም። ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም (ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ለጊዜው የሚይዝበት ማስታወሻ)፣ ዊንዶው 7። ዊንዶው 7 ከማይክሮሶፍት ድጋፍ ካጣ ቆይቷል፤ ጥር 2012 ላይ ነው የተቋረጠው። እሷ ግን የቆየው የአማርኛ መጻፊያዋ ፓወር ግዕዝና የፎቶ ኮፒ ማሽኗ ሾፌር (ዊንዶው ማሽኑን የሚያዝበት ፕሮግራም) እሱ ላይ ስለለመዱ መቀየር አልፈለገችም። ኢንተርኔት ላይ እስካላወጣችው ድረስ እኔም አልተከራከርኳትም።

አንድ ነገር መጀመሪያ ላይ እንግባባ። ሴቲንግ መነካካት አዲስ ጉልበት አይፈጥርም። የአሥር ዓመት ፕሮሰሰር በሴቲንግ የዘንድሮ ፕሮሰሰር አይሆንም። ሴቲንግ የሚያደርገው ታስሮ የቆየ ነገር ካለ መፍታት ነው። የታሰረ ነገር ከሌለ የሚፈታም የለም፤ ጊዜያችሁን ብቻ ትበላላችሁ። የእሷ ኮምፒውተር ግን ሦስት ቦታ ታስሮ ነበር።

ያች ሰማያዊ ገጽ

ኮምፒውተር ሲከፈት ዊንዶው ከመምጣቱ በፊት አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይሠራል። ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ በተገጠመች ቺፕ ውስጥ ነው የሚኖረው። ባዮስ ይባላል፤ አዲሶቹ ላይ ዩኢኤፍአይ ይሉታል፤ ሰው ግን ሁለቱንም ባዮስ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ሥራው ራሙን፣ ዲስኩን፣ ኪቦርዱን ቀስቅሶ "በሉ ተነሡ" ማለትና ለዊንዶው ማስረከብ ነው። ምን በምን ፍጥነት፣ በምን ዘዴ ይሥራ የሚለው እዚያ ውስጥ ተጽፏል።

ለመግባት እንደተከፈተ ወዲያው ቁልፍ መደጋገም ነው። ዴስክቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ዲሊት፣ ላፕቶፕ ላይ ኤፍ 2 ወይም ኤፍ 10 ነው። የቆዩት ላይ ማውስ አይሠራም፤ በቀስት ቁልፍ ነው የምትሄዱት። ፊደል የሞላበት ሰማያዊ ወይም ግራጫ ገጽ ሲመጣ ብዙ ሰው ደንግጦ ያጠፋዋል። መክፈቱ ብቻውን ምንም አያበላሽም። ካልወደዳችሁት "ሳታስቀምጥ ውጣ" የሚለውን መርጣችሁ ትወጣላችሁ።

ከመንካታችሁ በፊት ግን ስልካችሁን አውጡና እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ። ሁሉንም። ይህን ምክር ሰው ይሰማኝና ይስቃል፤ መጨረሻ ላይ ለምን እንደሆነ ትረዱታላችሁ። ሌላው ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። አምስት ነገር ቀይራችሁ ማሽኑ እምቢ ካለ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ወጥ ቤቷ ራሷ ስታሳልፍ

የሱቁ ኮምፒውተር ትልቁ በሽታ ባዮስ ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ዊንዶው ውስጥ ነበር። ስሙ ፒአይኦ ነው።

ድግስ አስቡ። ወጥ ሠሪዋ ጓዳ ሆና ትሠራለች፤ አሳላፊዎች ለእንግዳው ያደርሳሉ። ቤቱ የሚሄደው እንዲህ ነው። አሁን አሳላፊዎቹ ሁሉ ቢቀሩስ? ወጥ ሠሪዋ ራሷ ድስቷን ጥላ አንድ ጭልፋ ይዛ ትወጣለች፣ ታደርሳለች፣ ትመለሳለች። እንግዳው ይራባል፣ ወጡም ያርራል።

ኮምፒውተር ውስጥ ወጥ ሠሪዋ ፕሮሰሰሩ ነው። ዲስኩ ዳታውን በቀጥታ ወደ ራም ሲልክ ዲኤምኤ ይባላል፤ አሳላፊ አለ ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ራሱ እያንዳንዷን ዳታ በእጁ ሲያመላልስ ፒአይኦ ነው። የፒአይኦ ትልቁ ፍጥነት በሴኮንድ 16.7 ሜጋባይት ነው። በአሮጌው የዲኤምኤ ዘዴ እንኳ 100 እና 133 ይደረሳል። ልዩነቱ ይህ ብቻ አይደለም፤ ፋይል ኮፒ ሲደረግ ማውሱ የሚደርቀው ፕሮሰሰሩ ጭልፋ ይዞ ስለሚሯሯጥ ነው።

ታዲያ ማን ወደ ፒአይኦ ወሰደው? ዊንዶው ራሱ። ከዲስኩ ጋር ሲነጋገር ስህተት ከበዛበት "ይህ መስመር አያስተማምንም" ብሎ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ያወርዳል። በቀድሞው ዊንዶው ኤክስፒ ላይ ስህተቱ ስድስት ሲሞላ ነበር ማውረድ የሚጀምረው። ዊንዶው 7ም በአሮጌው የዲስክ ዘዴ (ቀጥሎ እመጣበታለሁ) ሲሠራ ይህ ልማድ አልለቀቀውም። ማውረዱ ጥንቃቄ ነው፤ ክፋቱ በራሱ ተመልሶ አለመውጣቱ ነው።

ይህ ነገር ሲገባኝ የሱቋ ታሪክ ፍንትው አለልኝ። ፎርማት ሲደረግ ዊንዶው የስህተት መዝገቡን ረስቶ በሙሉ ፍጥነት ይጀምራል። ስለዚህ ሳምንት ያህል ሽው ይላል። ከዚያ ስህተቱ ተጠራቅሞ እንደገና ይወርዳል። ባለሙያው "ፎርማት ፈወሰው" ይላል፣ እሷ "ቫይረስ ተመለሰብኝ" ትላለች። ቫይረስ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈም።

ስህተቱ የመጣው ከገመድ ነበር። ሃርድ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የምታገናኘው ቀጭን ሳታ ገመድ ጫፏ ላልቷል፤ ስትነካ ትወዛወዛለች። በአዲስ ቀየርናት። ከዚያ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች ወደተዘረዘሩበት የዊንዶው ገጽ፣ ዲቫይስ ማናጀር ገብተን፣ የዲስኩን ቻናል አንኢንስቶል አድርገን፣ ሪስታርት አልን። ዊንዶው ቻናሉን እንደ አዲስ አግኝቶ በዲኤምኤ ጀመረው። ገመዱን ሳትቀይሩ ቻናሉን ብቻ ካደሳችሁ ግን የፎርማቱን ታሪክ ነው የምትደግሙት።

የራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የአይዲኢ ኮንትሮለሮችን ዝርዝር ክፈቱ፣ ቻናሉ ላይ ፕሮፐርቲስ በሉ፣ አድቫንስድ የሚለው ገጽ ላይ አሁን በምን ዘዴ እንደሚሠራ ተጽፏል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ዓይነት ገጽ ከሌለ ማሽናችሁ በአዲሱ ዘዴ ነው የሚሠራው፤ ይህን ክፍል እለፉት።

ቅዳሜ ገበያ ደርሶ መልስ

"አሮጌው ዘዴ" ያልኩት አይዲኢ ይባላል። አዲሱ ኤኤችሲአይ ነው። ባዮስ ውስጥ ሳታ ሞድ ወይም ሳታ ኮንፊገሬሽን በሚል ስር ታገኙታላችሁ።

ልዩነቱን እንዲህ ነው የማስረዳው። እናት ልጇን ቅዳሜ ገበያ ትልካለች። ሽንኩርት ግዛ ትለዋለች። ይዞ ይመጣል። በርበሬ ትለዋለች። እንደገና ይሄዳል። ጨው ስትለው ልጁ ማኩረፍ ይጀምራል። አይዲኢ ይህ ነው፤ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ጉዞ። ኤኤችሲአይ ግን ዝርዝር ይሰጠዋል። እስከ 32 ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ዲስኩም እንደ ብልህ ልጅ መንገዱን ራሱ ይመርጣል፤ በርበሬው ተራ ሽንኩርቱ ጋ ሲደርስ የሚታለፍ ከሆነ መጀመሪያ በርበሬውን ያነሣል።

ይህን ያህል የተሻለ ከሆነ ፋብሪካው ለምን በአይዲኢ ዘጋው? ጥፋቱ የኤክስፒ ነው ማለት ይቻላል። ዊንዶው ኤክስፒ የወጣው በፈረንጆቹ 2001 ነው። የኤኤችሲአይ የመጀመሪያው ደንብ የወጣው 2004 ላይ ነው። ኤክስፒ ከእሱ በፊት ስለተወለደ ቋንቋውን አያውቀውም። በኤኤችሲአይ የተዘጋጀ ማሽን ላይ ኤክስፒ ስትጭኑ "ሃርድ ዲስክ የለም" ይላችኋል። ሰው ደግሞ ለብዙ ዓመት ኤክስፒን አልለቅ አለ። አምራቾቹ የደንበኞች ስልክ ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ሁሉንም የሚያስማማውን አሮጌ ዘዴ እያደረጉ ላኩት። ኤክስፒ ሄደ፣ ሴቲንጉ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንድ ሰው ብቻ ለሚጽፍበት ኮምፒውተር፣ ጥቅሙ መጠነኛ ነው። ኤስኤስዲ ከገጠማችሁ ግን ሌላ ወሬ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል የለውም፤ ብዙ ትእዛዝ በአንድ ላይ ማስተናገድ ይችላል፤ አንድ በአንድ ስትሰጡት አቅሙን ታባክናላችሁ። በገዛችሁት ኤስኤስዲ ያልረካችሁ ካላችሁ መጀመሪያ የምታዩት እዚህ ነው። ቀጥሎ የተሰካበትን ወደብ እዩ። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ በሴኮንድ 3 ጊጋቢትም 6 ጊጋቢትም የሚያስተላልፉ ወደቦች ጎን ለጎን አሉ፤ ሰው እጁ የመጣለት ላይ ይሰካዋል።

አሁን ጥንቃቄው። ዊንዶው በአይዲኢ ተጭኖ ሳለ ባዮስ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ኤኤችሲአይ ካደረጋችሁት ዊንዶው ሰማያዊ ስክሪን ያሳያችሁና ይዘጋል። ዲስኩን በአዲሱ ቋንቋ የሚያናግርበት ሾፌር አልተቀሰቀሰም። አትደንግጡ፤ ፋይላችሁ አልጠፋም። ባዮስ ተመልሳችሁ አይዲኢ ስታደርጉት እንደነበረው ይነሣል።

ትክክለኛው አካሄድ ዊንዶው 10 ላይ ይህ ነው። ኤምኤስ ኮንፊግ (የዊንዶው አነሣስ የሚስተካከልበትን ገጽ) ክፈቱ፣ ቡት የሚለው ገጽ ላይ ሴፍ ቡትን ምልክት አድርጉ። ሪስታርት በሉ፣ ባዮስ ግቡ፣ ኤኤችሲአይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ዊንዶው በሴፍ ሞድ ይነሣል፤ ሴፍ ሞድ ውስጥ ሳለም ሾፌሩን ራሱ ይቀሰቅሳል። ከዚያ ምልክቱን አንሡና እንደገና ሪስታርት። አለቀ። ዊንዶው 7 ላይ ትንሽ ይከብዳል፤ ሬጅስትሪ የሚባለው የዊንዶው የውስጥ መዝገብ ውስጥ ገብቶ የማይክሮሶፍቱን የኤኤችሲአይ ሾፌር "ስታርት" ቁጥር ከ3 ወደ 0 መቀየር ይጠይቃል። የሱቋን ያደረግሁት እንደዚያ ነው። ሬጅስትሪ የማትደፍሩ ከሆነ የሚደፍር ሰው ጥሩ።

ባዮሳችሁ ላይ ሬይድ (ዲስኮችን የሚያጣምር ዘዴ) የሚል ተመርጦ ካገኛችሁት ግን አትንኩት። እሱ የኤኤችሲአይን ጥቅም አብሮ ይዟል።

የጠፋው ራም

ሦስተኛው እስር ራም ላይ ነበር። 4 ጊጋ ተሰክቷል፤ ዊንዶው ግን ከዚያ ውስጥ መጠቀም የምችለው 3.2 ብቻ ነው ይላል። ይህን ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል።

እያንዳንዷ የራም ባይት እንደ ቀበሌ ቤት ቁጥር አላት። ባለ 32 ቢት ዊንዶው መቁጠር የሚችለው እስከ 4,294,967,296 ድረስ ነው፤ ልክ 4 ጊጋ ማለት ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ደግሞ የተወሰኑት ለግራፊክስ ካርዱ፣ ለኔትወርክ ካርዱና ለሌሎች ዕቃዎች ቀድመው ተይዘዋል። ቁጥራቸው የተወሰደባቸው የራም ቤቶች አሉ፤ ግን አድራሻ የላቸውም። አድራሻ የሌለው ቤት ደግሞ ደብዳቤ አይደርሰውም።

መፍትሔው ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶው። እሷ ጋ እሱ ነበረ። ሁለተኛ፣ ባዮስ ውስጥ ሜሞሪ ሪማፕ የምትባል መስመር። ቺፕሴት ወይም ኖርዝ ብሪጅ በሚል ክፍል ስር ተደብቃ ነው የምትገኘው። ስትበራ እነዚያን አድራሻ ያጡ ቤቶች ከ4 ጊጋ በላይ ባለው አዲስ መንደር ቁጥር ትሰጣቸዋለች። አበራናት፤ 3.2 የነበረው ወደ 4 ተጠጋ። ለ4 ጊጋ ማሽን ይህ ትንሽ አይደለም፤ ራም ሲያልቅ ዊንዶው ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ስለሚጀምር ነው ሁሉ ነገር የሚጎተተው።

የማይሆንባቸውም አሉ። ኢንቴል 945 ቺፕሴት ያለባቸው የቆዩ ማሽኖች ከ4 ጊጋ በላይ አድራሻ አይቆጥሩም፤ 64 ቢት ብትጭኑም ከ3 ጊጋ ፈቀቅ ቢል ነው። ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ይህች መስመር ብዙ ጊዜ አትታይም። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌላቸው ማሽኖች ከራሙ ቆርሰው ለስክሪኑ ይሰጣሉ፤ ያ የጠፋ ራም አይደለም፣ ሥራ ላይ ነው። ጌም ለማትጫወት የጽሕፈት ቤት ማሽን ግን ባዮስ ውስጥ ይህን ድርሻ መቀነስ ይቻላል።

ራም ካነሣን አይቀር፣ ከአንድ ባለ 4 ጊጋ ይልቅ ሁለት ባለ 2 ጊጋ ይሻላል። በሁለት መስመር ነው የሚሠሩት። ማዘርቦርዱ ላይ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ቀዳዳዎች ላይ ስኩት።

ቻርጀሩና ጋቢው

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዴስክቶፕ ነው። ላፕቶፕ ላይ ግን በዚህ ከተማ አብዝቼ የማየው እስር ባዮስ ውስጥም ዊንዶው ውስጥም የለም። ቻርጀሩ ላይ ነው።

አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩን "አንተ ማን ነህ? ስንት ዋት ትሰጣለህ?" ብለው ይጠይቃሉ። በመሰኪያው መሀል ያለችው ቀጭን መርፌ ለዚህ ናት። መልስ ካላገኙ ደካማ ቻርጀር ነው ብለው ይገምታሉ። ባትሪውን መሙላት ያቆማሉ፤ ፕሮሰሰሩንም ይይዙታል። ማሽኑ ይሠራል፣ ግን እየተጎተተ። የእኔም ላፕቶፕ ይህ ገጥሞታል። ቻርጀሬ ተበላሽቶ ከሱቅ ተመሳሳይ የሚመስል ገዛሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ ሽማግሌ ሆነ። ሁለት ሳምንት ዊንዶውን ስወቅስ ከረምኩ። ፎርማት ላደርገው ስል ነው ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ ያስኬድኩት። ፈጠነ! ያኔ ነው የነቃሁት።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ታስክ ማናጀር ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ላይ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት እዩ። ሥራ በዝቶበትም ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ተቸክሎ ከቀረ ታስሯል። ሲከፈት ስለ ቻርጀሩ በእንግሊዝኛ የሚያጉረመርም ጽሑፍ ብልጭ ካለም ኤንተር ብላችሁ አትለፉት፤ አንብቡት።

ሁለተኛው የላፕቶፕ ጠላት ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች። አየራችን ስስ ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ካለ አገር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ብርዱ ይክሰናል ትሉ ይሆናል፤ በተወሰነ ደረጃ አዎ። በጋ ላይ አቧራው ፋኑን ሲደፍነው፣ ላፕቶፑም አልጋ ላይ ጋቢ ተነጥፎለት ሲሠራ ግን ምን ብርድ አለ? አቧራውን አስጠርጉ፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያሳልፈውን ቅባት) አስቀይሩ፣ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ይህ ከየትኛውም የተደበቀ ሴቲንግ ይበልጣል።

መብራት ሲሄድ

ፈጣን ያደርጋል ተብሎ በየቴሌግራሙ የሚዞር አንድ ሴቲንግ አለ። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስኩ ላይ ፕሮፐርቲስ ስትሉ ፖሊሲስ የሚል ገጽ ይመጣል። ሁለት ምልክት ማድረጊያ አለው። የመጀመሪያው ራይት ካሺንግ ነው። ዲስኩ የራሱ ትንሽ ማስታወሻ አለው፤ የሰጣችሁትን እዚያ ይይዝና "ጽፌአለሁ" ይላችኋል፤ ገና አልጻፈውም። ቀስ ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ብዙ ጊዜ በርቶ ነው የሚመጣው፤ ይብራ።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። ዊንዶው በየጊዜው "የያዝከውን አሁኑኑ ጻፍ" እያለ ዲስኩን ያስጨንቀዋል። ሁለተኛውን ምልክት ስታደርጉ ይህን ማስጨነቅ ያቆማል። ትንሽ ይፈጥናል። በዚያች ቅጽበት መብራት ከሄደ ግን ያልተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፤ አንዳንዴ አንድ ፋይል ብቻ ሳይሆን የፋይሎቹ መዝገብ ራሱ ይበላሻል። ዊንዶውም ይህንኑ እዚያው ላይ ጽፎታል፤ ለዲስኩ የተለየ የኃይል ምንጭ ከሌለ አታድርጉ ይላል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) የሌለው የጎንደር ዴስክቶፕ ላይ ይህን ማብራት በእሳት መጫወት ነው። መብራቱ ሳያስጠነቅቅ እንደሚሄድ ለናንተ አልነግርም። ባትሪው በደንብ የሚሠራ ላፕቶፕ ላይ ቢሆን ግድ የለም። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚኖር ላፕቶፕ ግን እንደ ዴስክቶፕ ቁጠሩት።

ሌሎቹን የቴሌግራም ምክሮች ባጭሩ ልለፋቸው። ኤምኤስ ኮንፊግ ውስጥ የፕሮሰሰር ቁጥር 4 ምረጡ፣ ፍጥነት ይጨምራል የሚሉት ሐሰት ነው። ዊንዶው ሁሉንም ኮር ሲጀምርም ይጠቀማል፤ ያ ሳጥን ለሙከራ ሲባል ለመቀነስ የተሠራ ነው። አጠገቡ ያለው የሜሞሪ ሳጥንም እንዲሁ፤ ቁጥር ከሞላችሁበት ራም ልታሳንሱ እንጂ ልትጨምሩ አትችሉም። ቨርቹዋላይዜሽን ማብራት በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ለሚያስኬድ ሰው ነው፤ ዎርድን አያፈጥንም። ቮልቴጅ መጨመር የሚሉትን ደግሞ ማዘርቦርድ የሚገዛላችሁ ሰው ሲኖር ሞክሩት።

ባትሪዋ

የሱቁ ማሽን ሦስቱም እስር ተፈትቶለት በአንድ ደቂቃ ገደማ መነሣት ጀመረ። ቡና ተፈላልኝ። ስሜም በሰፈሩ ከፍ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ደወለች። "ጋሼ፣ ሞተ። ሰማያዊ ስክሪን ብቻ ነው የሚያሳየኝ።" ጎረቤት የጠራችው ልጅ ፎርማት ሊያደርገው ዲቪዲውን አስገብቶ ነበር። "ቆይ፣ እንዳይነካው!" ብዬ በባጃጅ ደረስኩ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እንዲህ ባሉ የቆዩ ማሽኖች ላይ ባዮስ ውስጥ የመረጣችሁት ሁሉ መብራት በሌለበት ጊዜ የሚጠበቀው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ክብ ባትሪ ነው። 3 ቮልት ናት፤ ሲአር 2032 ይሏታል። ኮምፒውተሩ ከግድግዳ ሲነቀል ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ስትሞት ባዮሱ የመረጣችሁትን ይረሳና ፋብሪካው ወደሰጠው ይመለሳል። የዚህ ማሽን ፋብሪካ የሰጠው ደግሞ አይዲኢ ነው። ዊንዶው ኤኤችሲአይ ለምዶ ሳለ በአይዲኢ ሲቀሰቀስ ግራ ሊጋባና ሰማያዊ ስክሪን ሊያመጣ ይችላል። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር።

ምልክቱ ቀን ላይ ይታያል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዓመቱ ብዙ ወደ ኋላ ከሄደ ባትሪዋ አልቋል። ኢንተርኔት ላይ ዌብሳይቶች ሁሉ "ደኅንነቱ ያልተጠበቀ" እያሉ እምቢ የሚሉትም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው፤ የዌብሳይቱ የምስክር ወረቀት ገና ያልተሰጠበት ዓመት ላይ ቆማችሁ ነው የምትጠይቁት።

ባትሪዋን ከሰዓት ሠሪ ሱቅ ገዝተን ቀየርናት። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና በጋ ላይ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ከፈትኩ። ገጽ በገጽ እያየሁ መለስኩት። ሳታ ሞድ፣ ሜሞሪ ሪማፕ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ዊንዶው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሣ፤ ትናንት ከፍታው የተወችው የተማሪ ወረቀት እንኳ እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ተቀምጧል።

ልጁ ዲቪዲውን ወደ ቦርሳው መለሰ። እሷ ፎቶዎቹን ከእኔ ስልክ ተቀብላ በራሷ ማሽን አተመቻቸው፤ ፕላስቲክ አልብሳ ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጎን ለጠፈቻቸው።